ጤፍ ጎታ ውስጥ የከረመችው ኮምፒዩተር

መቼ እንደሆነ ቁርጡን አላውቀውም። ዓመተ ምሕረቱን ልናገር ብል እሳሳታለሁ፤ ዕድሜ ሲገፋ ዓመቶቹ እርስ በርስ ይደራረባሉ። የማስታውሰው፣ ክረምቱ ወጥቶ የጤፉ ማሳ አረንጓዴነቱን ሊለቅ ሲል እንደነበረ ነው። ጊዜው ይጥፋብኝ እንጂ የሆነውን ግን፣ ሽታውን ሳይቀር፣ አልረሳሁትም። ዛሬም ጎረቤት ቆሎ ሲቆላ ከሸተተኝ ተነሥቼ ወደ ውጭ እወጣለሁ። ሰው ምን ሆነ ይለኛል። ለሁሉም ማስረዳት ስለሚከብደኝ እስቲ አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ነው።

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። እጄም ይንቀጠቀጣል። ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው፤ እናንተም ቀስ እያላችሁ አንብቡልኝ።

የምኖረው ከጅጋ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነው። ጤፍ፣ በቆሎና በርበሬ አርሳለሁ። ከባለቤቴ ከማንጠግቦሽ ጋር ያፈራነው ወንድ ልጅ አንድ ነው፤ ሙሉቀን ይባላል። ሴቶቹ ልጆቻችን ርቀው ተድረዋል። ሙሉቀን ተምሮ የከብት ሐኪም ሆነ። እኔ በሬ ስጠምድ ያደግሁ ሰው፣ ልጄ በሬ የሚያክም ሲሆን ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ሥራ እንደያዘ አንዲት ኮምፒዩተር ገዛ። ላፕቶፕ ነው የሚላት። ቀጭን ነች፣ ቀላል ነች፤ ከዳዊት መጽሐፍ ሰፋ ብትል ነው። በብብቱ ሸጉጧት ይዞራል። ያከመውን ከብት ፎቶ እያነሣ እሷ ውስጥ ያስቀምጣል። ቤት ሲመጣ ደግሞ በብሩሽ ይጠርጋታል፣ በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላታል፣ በጎኗ ባሉት ቀዳዳዎች እፍ ይልባታል።

«ምነው፣ ጠመንጃ አደረግሃት እኮ!» እለዋለሁ።

«አባዬ፣ ጠመንጃም ካልወለወሉት ይነክሳል» ይለኛል።

የዚያን ዓመት፣ ክረምት ሲገባ፣ ወደ ቆላ ለሥራ ላኩት። የከብት በሽታ ገብቷል ተባለ። ከመሄዱ በፊት እቤት ሰንብቶ የጤፉን ዘር አብሮኝ አበጠረ። ሊነሣ ሲል ላፕቶፗን ከነገመዷ ሰጠኝና፣ «የምሄድበት አገር ዝናቡ አይጣል ነው። እዚሁ ትቆየኝ። አባዬ፣ እርጥበትና ጭስ ብቻ እንዳያገኛት» አለኝ። ይህን ብሎ በቅሎዋን ሊጭን ወጣ።

እኔም አሰብኩ። ሣጥኑ ወለል ላይ ነው፤ ክረምት ከሥሩ ያረጥባል። ቆጡ ላይ እንዳላደርጋት ጭሱ አለ። በእኛ ቤት እርጥበትም ጭስም የማይደርስበት ቦታ አንድ ነው፤ የጤፍ ጎታ። ጤፍ ነቀዝ አይገባውም። እንቁላል እንኳ ጤፍ ውስጥ ቢቀበር ይከርማል። እናቴም ክፉ ጊዜ ሲመጣ የብር አምባሯን የምትቀብረው ጤፍ ውስጥ ነበር። ስለዚህ ላፕቶፗን በነጠላ ጠቅልዬ፣ ከዘር የተረፈው ጤፍ ውስጥ እስከ ክንዴ አስገብቼ ቀበርኳት። ገመዷንም አብሬ። ልጄ ከውጭ ሆኖ፣ «አስቀመጡልኝ?» ሲለኝ፣ «አታስብ፣ ከሁሉ የሚሻለው ቦታ ነች» አልኩት። ደስ ብሎት ሄደ።

ያ ነው የመጨረሻው።

ነሐሴ ላይ ቆላ ውስጥ አንድ ወንዝ ሞላ። ሙሉቀን ከወንዙ ማዶ የሚከተቡ ከብቶች ነበሩትና መድኃኒቱን አንግቶ ሲሻገር ውሃው ወሰደው። ሬሳው አልተገኘም። ስልኩም ልብሱም ከእሱ ጋር ሄደ። ወሬውን ያመጣልን አብሮት የሚሠራ ሰው ነው። ያን ጊዜ ኔትወርክ የሚባል አልነበረም፤ መንገዱም አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ሰውየው የሙሉቀንን አንድ ሸሚዝና ብርድ ልብሱን ተሸክሞ፣ ከፊሉን በእግሩ መጥቶ፣ ደጃችን ላይ ቆመ። እኔ ሸሚዙን ሳይ ገባኝ።

ማንጠግቦሽ ግን አልገባትም። ወይም እንዲገባት አልፈለገችም።

በእኛ አገር ሬሳው ያልተገኘ ሰው ልብሱና ፎቶው ለቅሶ ሜዳ ይወጣል። ዘመድ በዚያ ዙሪያ ቆሞ ያለቅሳል። ካህናቱ ፍትሐቱን አደረሱ። የእድራችን ዳኛ አያ ጫኔም የለቅሶውን ቀን ሊቆርጥ መጣ። ማንጠግቦሽ አልነሣም አለች።

«ወንዝ ወሰደው ትሉኛላችሁ። ወንዙን ማን አናገረው? የልጄን ፊት ሳላይ አላለቅስም።»

«እሜቴ፣ ሸሚዙ አለ» አላት አያ ጫኔ ረጋ ብሎ። «ሸሚዙ ይበቃል።»

«ሸሚዝማ ጅጋ ገበያም ተሰቅሏል።»

አያ ጫኔ በትሩን አንሥቶ ወጣ። እኔም ተከተልኩት።

የምረቃው ፎቶ ግድግዳ ላይ ነበረን። ግን በዚያው ክረምት ጣራችን አፈሰሰና ውሃው በመስታወቱ ሥር ገባ። ካባው ደህና ነው፤ ቆቡም ደህና ነው። ፊቱ ግን ነጭ ሻጋታ ሆኖ ቀረ። ያንን አውርጄ አጥሩ ሥር ቀበርኩት፤ ማንጠግቦሽ ሁልጊዜ እንዳታየው ብዬ። ወሬ ያመጣውን ሰው በስልክህ ፎቶው የለህም ወይ ብለው፣ ባለቁልፏን ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ፎቶ አታነሣም።

ማንጠግቦሽ እህል መቅመስ ተወች። ከሰዓት በኋላ መንገድ ዳር ወጥታ ትቀመጥና ከጅጋ ገበያ የሚመለሰውን ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን ታያለች። ሰዎች መጀመሪያ እግዜር ያጥናሽ ይሏታል። «ምን ሆኜ ነው የምጠና?» ትላቸዋለች። በኋላ በሌላ መንገድ መሄድ ጀመሩ። እኔም ሳያት ልብሷ እየሰፋባት ሄደ። ሳታለቅስ የቀረች እናት አትሰነብትም ይላሉ። አያ ጫኔ ለብቻዬ ጠርቶ፣ «ወንድሜ፣ ሁለት ለቅሶ እንዳይሆንብህ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አልቻልኩም።

ወሬ ያመጣው ሰው ሲሰናበተኝ፣ «አባቴ፣ ላፕቶፑ ላይ ፎቶ አይጠፋም እኮ» ብሎኝ ነበር። ጎታውን ከፈትኩ። ነጠላው ላልቶ ኖሯል። ላፕቶፗን ሳወጣት ከጎኗ ጤፍ በወንፊት እንደሚነፋ ይወርዳል። ደጋግሜ አራገፍኳት። መውረዱን ሲያቆም ጸዳች ብዬ በጋቢዬ ጠቅልዬ ወደ ፍኖተ ሰላም ተነሣሁ። በእኛ መንደር መብራት የለም።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሞባይልና ኮምፒዩተር የሚሠራ አንድ ጎልማሳ አገኘሁ። ገመዷን ሰካ፤ ቁልፏን ተጫነ። ብርሃን መጣ! ወዲያው ውስጧ ወፍጮ ድንጋይ እንደገባበት ያለ ድምፅ አሰማ፤ ከዚያ አቃሰተ፤ ዝም አለ። ቀጥሎ ሽታው መጣ።

ቆሎ ነው የሸተተን። ልክ ምጣድ ላይ እህል ጣል ሲደረግ እንደሚሸተው።

ሰውየው አፍንጫውን ነፋና፣ «አባት፣ ይቺ ነገር ምን በልታ ነው?» አለኝ። ገልብጦ ሆዷን ሲያያት ግን ሳቁ ጠፋ። ከሥር ያለው ክዳን አብጦ እንደ ሊጥ ተነፍቷል። ገመዱን መንጭቆ ነቀለ።

«ባትሪው አብጧል! ይሄ እሳት ነው፤ ይፈነዳል። ሱቄን እንዳያቃጥልብኝ፣ ያውጡልኝ!»

«ልጄ፣ ፎቶው ብቻ...»

«ያውጡልኝ ብያለሁ አባት። ቡሬ ኮምፒዩተር የምትሠራ ሴትዮ አለች፤ ከደፈረች እሷ ትሞክረው። እኔ አልነካውም።»

አልቀየምኩትም። ቤቱ ነው፤ እንጀራው ነው። የሴትዮዋን ሱቅ አቅጣጫ ነግሮኝ በሩን ዘጋ።

መንገድ ላይ ቆምኩ። ያቀፍኩት ነገር ይፈነዳል ተብያለሁ። አስፋልቱ ላይ ሚኒባስ «ቡሬ! ቡሬ!» እያለ ይጣራል፤ ውስጡን ባየው ሕፃናት ያዘሉ እናቶች ናቸው። አልገባሁም። ቆይቶ በቆሎ የጫነ አይሱዙ መጣ። ረዳቱ ወርዶ፣ «አባባ፣ ጋቢና ይግቡ፤ ያቀፉት ምንድነው?» አለኝ።

«የታመመች ኮምፒዩተር ነች።»

«ታዲያ ጤና ጣቢያውን አልፈውት መጡ!» ብሎ ሳቀ። ባትሪው ያሰጋል ብዬ እውነቱን ስነግረው ሳቁን ዋጠ። «ከላይ፣ ከጆንያው ላይ ልሁን፤ ከሆነም ከእኔ ጋር ይሁን» አልኩት። ሾፌሩን ጠየቀና ደግፎ አወጣኝ።

በዚያ መንገድ ላይ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ። አልፈራሁም። ብትፈነዳ ይሻላል ያልኩበት ቦታ ነበር። ከማንኩሳ ወዲህ ነው። ከዚያ ማንጠግቦሽ መንገድ ዳር ተቀምጣ ታየችኝና ላፕቶፗን ከነፋሱ በጋቢዬ ሸፈንኳት።

የቡሬዋ ሴት ሱቋን የከፈተችው ባለቤቷ በርበሬ ከሚያከማችበት መጋዘን ፊት ለፊት ካለው ክፍል ነው። ሲገቡ ማስነጠስ ግድ ነው። ዕድሜዋ የትልቋን ልጄን ያህላል፤ ሻሿን አጥብቃ አስራለች። ደጋግሜ ሳስነጥስ ብታየኝ፣ «ይማርዎት፤ እዚህ ኮምፒዩተሩም ያስነጥሳል» አለችኝ። ጠረጴዛዋ አጠገብ ሁለት ገበያተኞች ስልካቸውን ሊያሠሩ ተቀምጠዋል።

የላፕቶፗን ሆድ ማበጥ እንዳየች አልጮኸችም። ላፕቶፗን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ውጭ ወጣች፤ ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ አስቀመጠቻት። «ያበጠ ባትሪ እንደ እባጭ ነው፤ አይጫኑትም፣ አይወጉትም» እያለች ትንንሾቹን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈታች። እኛን ራቅ በሉ አለችን። ክዳኑን አነሣች።

ጤፉ ፈሰሰ። በድንጋዩ ላይ ተንከባለለ። እኔ አራግፌ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር።

«ኧረ በአላህ!» አለች። «የሽምብራ ገለባ አይቻለሁ፣ በርበሬማ በየቀኑ ነው፤ ጤፍ ግን ገና ዛሬ። አባባ፣ ኮምፒዩተሯን ለዘር ነው ያስቀመጧት?»

ገበያተኞቹ ሳቁ። «አንቺ፣ ስንት ታፈራ ይሆን?» አለ አንዱ። እኔም ልስቅ ሞከርኩ፤ አፌ እንቢ አለኝ። ጋቢዬን ወደ ፊቴ ሳብኩት።

ሴትዮዋ አየችኝ። ሳቋ ቆመ። ብሎን መፍቻውን መሬት ላይ አኖረችና አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

«የማን ነች?»

«የልጄ።»

«እሱስ የት ነው?»

ነገርኳት። ወንዙን፣ ሸሚዙን፣ የማንጠግቦሽን ቃል። ገበያተኞቹ ኮፍያቸውን አወለቁ። እሷ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ሰማችኝና፣ «አፉ በሉኝ አባቴ። አፌ ነው ያመለጠኝ» አለች። ከዚያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ባትሪውን ፈልቅቃ ሳይሆን አባብላ ነው ያወጣችው፤ በክር ከሥሩ እየገባች። የብረት ድስት ውስጥ አሸዋ ሞልታ እዚያ ቀበረችው። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተን በብሩሽ መጥረግ ያዘች። ላፕቶፗ የምታራግብ ትንሽ መዘውር አለቻት፤ ፋን ይሏታል። የጤፍ ፍሬ ክንፎቿ መሃል ተሰንቅሮ አላዞር ብሏት ኖሯል። ከፊሉ ጤፍ ጠቁሯል። ያ ቆሎ እሱ ነው። «ይቺ እንደ ከብት ነች» አለችኝ፤ «በዚህ ቀዳዳ ትተነፍሳለች። አፍንጫዋ ከተደፈነ ትግላለች፤ ከጋለች ትሞታለች። ባዶ ባትሪ ይዛ ስትከርም ደግሞ ሆዷ ይነፋል።»

«እኔ ነኝ ያፈንኳት ማለት ነው» አልኳት።

እጇ ቆመ። «ሣጥን ውስጥ ቢያኖሯት እርጥበቱ ዲስኳን በልቷት ነበር። የዘንድሮን ክረምት ያየ ያውቃል። ጤፉ ፋኗን ገደለ፤ ውስጧ ግን ደረቅ ነው፤ ይዩት።» አየሁት። እውነትም ደረቅ ነው፤ ያበራል። ይህን የነገረችኝ ለማጽናናት ይሁን ለእውነት እስከ ዛሬ አላውቅም። ጠይቄያትም አላውቅም።

ያለ ባትሪ በገመዷ ብቻ አበራቻት። የላፕቶፗ መስኮት ቦግ አለና የይለፍ ቃል ጠየቀ። ማን ያውቃል? ከእሱ ጋር ሄዷል። አጠፋቻትና ከሆዷ ውስጥ ማስቲካ የምታህል ነገር፣ ያቺን ዲስክ፣ አወጣች። የሚቀመጠው ሁሉ የሚቀመጠው እሷ ላይ ነው አለችኝ። በትንሽ ሣጥን አድርጋ ከራሷ ኮምፒዩተር ጋር አገናኘቻት። ከመክፈቷ በፊት ወደ እኔ ዞራ፣ «የሰው ጓዳ ነው። ይፈቅዱልኛል?» አለች። ፈቀድኩላት።

ከብት ነው። ዝም ብሎ ከብት። የቆሰለ ሰኮና፣ የተላጠ ምላስ፣ ያበጠ ጡት፣ ዓይኑን የታመመ በግ፣ ክንፉ የወደቀ ዶሮ። እያገላበጠች ሄደች። ቦራውን በሬዬን አየሁት፤ አንገቱን ቀንበር በልቶት ሳለ ያከመው ጊዜ ነው። የበሬውን አፍንጫ ጠፍሮ የያዘው እጅ የእኔ ነው። የሙሉቀን ፊት ግን የለም። አንዳንዱ ላይ ጥላው አለ። አንዱ ላይ ጣቱ። ሰዎች ያሉበት ሲመጣ ከወንበሬ ብድግ እላለሁ፤ ባለከብቶቹ ናቸው።

«ፎቶ አንሺው እኮ እሱ ነው» አለች ቀስ ብላ። «የሚያነሣ ሰው አይነሣም።»

በዚህ መሃል መብራት ጠፋ።

ባለቤቷ ከመጋዘኑ መጥቶ፣ ለጄኔሬተሩ ነዳጅ እንደሌለ ነገራት። እንጠብቅ አለች። ረቡዕ ስለነበረ ጎረቤት ካለች ክርስቲያን ቤት የጾም ሽሮ አስመጥታ አቀረበችልኝ፤ ከጎኑ በሳህን ቆሎ። ሽሮውን እንደ ነገሩ ቀመስኩ። ቆሎውን ወደ ዳር ገፋሁት። ለምን እንደሆነ ገባትና ሳህኑን ራሷ አነሣችው።

«እስቲ ስለ ልጅዎት ያጫውቱኝ» አለች። በድንግዝግዙ ውስጥ አወራኋት። ማር ይወድ ነበር አልኩ። ሲቆጣ ጆሮው ይቀላ ነበር አልኩ። ነበር፣ ነበር እያልኩ እንደሆነ ድንገት ራሴን ሰማሁት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስለ ሙሉቀን እንደዚያ ብዬ አላውቅም። ማንጠግቦሽን ሞቷል እያልኩ ስሞግት የከረምኩት እኔ፣ ለካ እኔም ያመንኩት ገና ያን ጊዜ ኖሯል። እዚያው በርበሬ ሽታ ውስጥ አለቀስኩ።

መብራቱ ሲመለስ ሌላ ቦታ ፈለገች። «ላፕቶፗ ራሷ ዓይን አላት፤ ከላይዋ፤ አንዳንዴ በእሷ ይነሣሉ» አለች። እዚያ አንድ ፎቶ ብቻ አገኘች። ስትከፍተው ወንበሬ ላይ ፈዝዤ ቀረሁ።

ሙሉቀን ነው። ፊቱ ሞልቶ። ሊነሣ ብሎ የተነሣ አይመስልም፤ ያቺን ዓይን በሸሚዙ ጫፍ ሲወለውል ሳያስበው ያነሣችው ነው። ቅንድቡን ሰብስቦ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ ትክክል ወደ እኛ ያያል። ከኋላው ቤታችን ነው። ከኋላው ጎታው አለ። ጎታው ላይ አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ እስከ ብብቱ ገብቶ ዘር ይቀዳል። ፊቱ አይታይም፤ ጀርባው ብቻ። ያ እኔ ነኝ። ዘሩን ስናበጥር የዋልንበት ቀን ነው።

«ይኸው» አለች ሴትዮዋ።

ወዲያው አትሚልኝ አልኳት። የፎቶ ወረቀት አልቆባታል። «በተራው ወረቀት ባትምልዎት ቀለሙ ይፈስሳል፤ እንደ ምረቃው ፎቶ ይሆንብዎታል። ይሂዱና ለቅሶውን ያስነግሩ። አሳትሜ፣ በመስታወት አስደርጌ እኔ አመጣዋለሁ።»

«መንገዱ ቢዘጋስ?»

«ይመጣል አልኩዎት እኮ።»

እነሱ ቤት አድሬ ተመለስኩ። አያ ጫኔ ለእሑድ አስነገረ። ለማንጠግቦሽ ፊቱን ታያለሽ አልኳት። አላመነችኝም፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ለእሷ ተስፋ መስጠቴ ደግሞ በተራው አስጨነቀኝ። ፎቶው ካልመጣ ምን ልላት ነው?

እሑድ ሕዝቡ ለቅሶ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። ሸሚዙ በእንጨት ላይ ተሰቀለ። ማንጠግቦሽ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። መንገዱ ከጠዋት ጀምሮ ተዘግቷል የሚል ወሬ መጣ። አልቃሾቹ ይጀምራሉ፣ ድምፃቸው አንድ ሁለት ብሎ ይሞታል፤ እናት ሳታለቅስ ማን ደፍሮ ያለቅሳል? ፀሐዩ ጠነከረ። አያ ጫኔ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «እንበትነው ይሆን?» አለኝ። ዓይኔን ወደ መንገዱ ላክሁ።

ያኔ በአቀበቱ በኩል ሻሽ ያሰሩ ሴቶች ብቅ አሉ። ጫማቸው አቧራ ለብሷል። መኪናው አያልፍም ሲባል ወርደው በእግራቸው ነው የመጡት። ከፊት የቡሬዋ ሴት ነች። በነጠላ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ ይዛለች። ሕዝቡ መሃል ለመሃል ተከፈለላቸው። ማንንም ሳትጠይቅ ማንጠግቦሽን አወቀቻት። ፊቷ ተንበርክካ ነጠላውን ገለጠች።

ማንጠግቦሽ ለረጅም ጊዜ አየች።

«ጉንጩ ላይ ጤፍ አለ» አለች።

እውነትም አለ። ዘሩን ስናበጥር የተጣበቀች አንዲት ፍሬ ነች፤ እኔ አላየኋትም፤ የቡሬዋም ሴት አላየቻትም። ማንጠግቦሽ አውራ ጣቷን በምራቋ አርሳ መስታወቱን ጠረገች። ድሮ ፊቱን እንደምትጠርግለት። አልለቀቀም። ደግማ ጠረገች። አልለቀቀም።

ከዚያ ጮኸች። ያን ጩኸት እንዴት ብዬ እጽፈዋለሁ? አልጽፈውም። ሕዝቡ ሁሉ አብሯት አነባ። ሻሽ ያሰሩት ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘዋት አብረዋት ደረታቸውን መቱ። አመሻሹ ላይ ማንጠግቦሽ ውሃ ጠየቀች። ጠጣች። በማግስቱ ጥቂት እህል ቀመሰች።

ዛሬ ደኅና ነን ብል እዋሻለሁ። ፎቶው ግድግዳ ላይ አለ፤ ጣራውን አስጠግኛለሁ። ማንጠግቦሽ በየጠዋቱ መስታወቱን ትጠርጋለች። መንገድ ዳር መቀመጡን ግን ትታለች። ላፕቶፗ ያለ ባትሪ ተመልሳልኛለች፤ በጨርቅ ከረጢት አድርጌ ከምሰሶው ላይ ሰቅያታለሁ፤ አፍንጫዋ ክፍት ነው። የመንደራችን ሰው ኮምፒዩተር ሲገዛ እህል አጠገብ አታኑሩ፣ አልጋ ላይ ጋቢ አታልብሷት፣ ሆዷ ካበጠ አትንኳት እላለሁ። ይህን የምመክረው ሽማግሌ እኔ መሆኔ ይገርመኛል። ፎቶ የሚያነሣ ልጅ ያለው ደግሞ፣ አንድ ቀን መሣሪያውን ተቀብሎ እሱን ያንሣው።

ከላፕቶፗ የወጣውን ጤፍ ያቺ ሴት በወረቀት ጠቅልላ ሰጥታኝ ነበር። እህል አይጣልም ብላ። ያልጠቆረውን ለይቼ በተከታዩ ክረምት ከዘሩ ጋር ቀላቅዬ ዘራሁት። በቀለ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን አይለይም፤ ማሳው ሙሉ አንድ ነው። አንዳንድ ቀን ዳር ላይ ቆሜ አየዋለሁ።

ስሟን እስካሁን ያልጻፍኩት መጨረሻ ላይ ለብቻው እንዲነበብልኝ ፈልጌ ነው። ኑሪያ ትባላለች።